በኦንላይን ትምህርት ዝም ይነቅዛል

(ባለፈው ቅዳሜ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ በየዩኒቨርሲቲው ለሚያስተምሩ ኢትዮጵያውያን ያደረግኩት ንግግር ነው። መምጣት ያልቻላችሁ ላኪልን ስላላችሁኝ ከሞላ ጎደል እንደተናገርኩት አስቀምጬዋለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ!

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ የሙያ ባልደረቦቼ። ቅዳሜ ማታ ነው። ልጆች ጥላችሁ የመጣችሁ አላችሁ። ለቅሶ ደርሳችሁ በዚያው የመጣችሁ አላችሁ። ነገ ሌሊት ተነስታችሁ ቅዳሴ የምትቆሙም አትጠፉም። ይህ ሁሉ እያለባችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

እኔ ዛሬ የመጣሁት ልለምናችሁ ነው። ልመናዬን መጨረሻ ላይ እናገራለሁ። አስቀድሜ ግን ለምን እንደምለምን ልንገራችሁ።

ለማታውቁኝ፣ እዚህ አሜሪካ በአንድ የኦንላይን ፕሮግራም ውስጥ የትምህርት አመራር አስተምራለሁ። የዶክትሬት ተማሪዎችን ማማከር ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆነኝ። ከተማሪዎቼ አብዛኞቹን በአካል ያየኋቸው የተመረቁ ዕለት ነው። ጨርሰው ሄደው እስከ ዛሬ ያላየኋቸውም አሉ። ሂውስተን በነርስነት የምትሠራ አለች። ሪያድ ትምህርት ቤት ውስጥ ሒሳብ የሚይዝ አለ። አክራ ያለች ርእሰ መምህርት አለች። እዚህ ቨርጂኒያ የሚኖር የ27 ዓመት ልጅ አለ። ከዚህ ሌላ አገር ቤት ላሉ ተማሪዎች ተባባሪ አማካሪ ሆኜ አግዛለሁ። ይሄኛው ደመወዝ የለውም። የምወደው ሥራዬ ግን እሱ ነው።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ዶክትሬት የጀመረ ሰው ሁሉ የሚጨርስ ይመስላችኋል? የአሜሪካ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች ምክር ቤት በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣው አንድ ጥናት አለ። ፒ.ኤች.ዲ ከጀመሩት ውስጥ በ10 ዓመት የጨረሱት ከመቶ 57 ያህል ናቸው። በ10 ዓመት ነው የምላችሁ! እነዚህ ደግሞ በአብዛኛው ካምፓስ ውስጥ የሚውሉ፣ የአማካሪያቸውን በር ማንኳኳት የሚችሉ ናቸው። በር የሌለው የኦንላይን ተማሪስ?

እዚህ አገር ኤ.ቢ.ዲ ይሏቸዋል። ኮርሱን ጨርሰው፣ ፈተናውን አልፈው፣ የመመረቂያ ጥናቱ፣ ዲሰርቴሽኑ ላይ የቀሩ ማለት ነው። በዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዲህ ያለ ዘመድ ወይም ጓደኛ የሌለው ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔ እጅ ላይ የቀሩትም አሉ። ከነሱ ውስጥ "ከበደኝ፣ ተውኩት" ብሎ የነገረኝ አንድም የለም። ሁሉም ዝም ብለው ነው የቀሩት።

ስለዚህ ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ ስለ ዝምታ። ሁለተኛ ስለ ኮሜንት። ሦስተኛ ስለ ዕድሜ። በመሐል ከመንገዴ ወጣ ብል ታገሱኝ።

አንደኛው፣ ዝምታ።

"ዝም አይነቅዝም" ይላሉ አባቶቻችን። እኔም ይህን እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ትልቅ ሰው ሲናገር ዝም ይባላል። መምህር ሲናገር ዝም ይባላል። ያልገባህን ኋላ ጓደኛህን ትጠይቃለህ እንጂ መምህሩን በሰው ፊት አታቋርጥም። ዝምታ አክብሮት ነው። ጨዋነት ነው።

ክፍል ውስጥ ይህ ብዙ አይጎዳም። ዝም ያለውን ልጅ ፊቱን ታያላችሁ። ግንባሩ ሲቋጠር ታያላችሁ። ሲወጣ ጠብቃችሁ "ምነው ዛሬ?" ትሉታላችሁ። ኦንላይን ግን ፊት የለም። ካሜራው ተዘግቶ፣ ስም የተጻፈበት ጥቁር ሳጥን ነው ያለው። ሁለት ሳምንት ዝም ካለ ሳጥኑም የለም። ለዚህ ነው በኦንላይን ትምህርት ዝም ይነቅዛል የምለው። ይነቅዛል ወገኖቼ! ጎተራውን የከፈታችሁት ዕለት እህሉ ዱቄት ሆኖ ነው የምታገኙት።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። አገር ቤት ያለ አንድ ተማሪ ነበረኝ። በየ15 ቀኑ ማክሰኞ በዙም እንገናኛለን። በእኔ ጠዋት 3 ሰዓት፣ በእሱ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት። ጥቅምት መጨረሻ ላይ እዚህ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳል። አገር ቤት ሰዓት አይነካም። የ7 ሰዓቱ ልዩነት 8 ይሆናል። ይህን ልነግረው ይገባኝ ነበር፤ አልነገርኩትም። እሱ እንደ ወትሮው በ10 ሰዓት ይገባል። እኔ በእሱ 11 ሰዓት እከፍታለሁ። ሁልጊዜ ስከፍት ቀድሞኝ ተቀምጧል። እንዴት ያለ ቀጠሮ አክባሪ ነው እያልኩ ደስ ይለኛል። ሦስት ቀጠሮ እንዲህ አለፈ። በአራተኛው ገና ድምፁን እንደከፈተ ከኋላው የሕፃን ድምፅ ሰማሁ።

"አባዬ፣ ዛሬም አንድ ሰዓት አስጠበቁህ?"

ዞር ብሎ በዓይኑ ዝም አሰኛት።

አስቡት። በሞባይል ዳታ ነው የሚገባው። ከሥራ አስፈቅዶ ነው የሚመጣው። ሁለት ወር ሙሉ አንድ አንድ ሰዓት ጠብቆኛል። ለምን አልነገርከኝም አልኩት። "እርስዎ ሥራ ይበዛብዎታል ብዬ ነው" አለኝ።

ያን ቀን ዙሙን ከዘጋሁ በኋላ ከወንበሬ መነሳት አቃተኝ። አንድ ሰዓት መጠበቁን ሊነግረኝ ያልቻለ ሰው፣ ስታትስቲክሱ እንዳልገባው እንዴት ይነግረኛል? መጠይቁ ተበላሽቶ ግማሹን እንደጣለው እንዴት ይነግረኛል? ቤቱ ሰው እንደታመመ እንዴት ይነግረኛል?

ዝም የሚለው የኛ ሰው ብቻ እንዳይመስላችሁ። የሂውስተኗ ነርስ ቬትናም ተወልዳ ያደገች ናት። የምነግራትን ሁሉ "እሺ" ትላለች። ከዚያ ያልኳትን አታደርግም። አንድ ቀን በግልጽ ጠየቅኳት። እሺ ማለቷ "እየሰማሁ ነው" ማለት እንጂ "ተስማምቻለሁ" ማለት አልነበረም። በቋንቋዋ እንዲያ ነው የሚባለው። የቨርጂኒያው ልጅ ደግሞ ዝም ካለ ብዙውን ጊዜ ሥራው ሰምሮለታል ማለት ነው። ሲቸግረው እኩለ ሌሊትም ቢሆን ይጽፍልኛል። አያችሁ? ሦስት ሰው፣ ሦስት ዓይነት ዝምታ። የዚህ አገር ሰው እንዲህ ነው፣ የዚያ አገር ሰው እንዲያ ነው የሚሉ ሰንጠረዦች አሉ። እኔ ብዙም አልረዱኝም። የረዳኝ እነሱኑ መጠየቅ ነው።

ግን አጠያየቁም ራሱን የቻለ ነገር ነው። "ጥያቄ አለህ?" ብትሉት የለኝም ይላል። "ገብቶሃል?" ብትሉት ገብቶኛል ይላል። "ደህና ነህ?" ብትሉትማ! እኛ መቼ ነው ደህና አይደለሁም የምንለው? ለቅሶ ቤት ተቀምጠን እንኳን "እግዚአብሔር ይመስገን" አይደል የምንለው? ስለዚህ አሁን እንደዚያ መጠየቅ ትቻለሁ። ዙሙ እንደተከፈተ "ካለፈው ወዲህ ያልተሳካልህን አንድ ነገር ንገረኝ" እላለሁ። ሁልጊዜ፣ ለሁሉም፣ በቅድሚያ። መጀመሪያ የራሴን እናገራለሁ። ለመጽሔት የላክሁት ጽሑፍ ተመልሶብኝ ከሆነ ተመለሰብኝ እላለሁ። ከዚያ ተራው የእሱ ነው። "ምንም የለም" ማለት አይቻልም። ያልተሳካ ነገር መናገር የቀጠሯችን አንድ ክፍል ሆነ ማለት ነው። ማንም አያፍርበትም።

ይህን ከየት አመጣሽው ብትሉኝ፣ ከአባቴ ነው። አባቴ ጎጃም ዋሸራ ቅኔ ተምሯል። ልጆች ሆነን ማታ ማታ ይነግረን ነበር። የቅኔ ተማሪ ቀኑን በየዛፉ ሥር፣ በየመቃብሩ ተቀምጦ ቅኔ ሲቆጥር፣ ማለትም በልቡ ሲያዘጋጅ ይውላል። ከዚያ የቆጠረውን ለየኔታ ይነግራል። የትናንቱን መድገም የለም። የሌላ ሰውም አይሆንም። በየቀኑ አዲስ ነው። የኔታ ያዳምጣሉ። ቀለሙ ከጎደለ ጎደለ ይላሉ፤ ምሥጢሩ ካልሰመረ አልሰመረም ይላሉ። ተማሪው ሄዶ ያቃናል። ነገ ደግሞ ሌላ ይዞ ይመጣል። አባቴ "የተበላሸ ቅኔ ይዞ መቅረብ አያሳፍርም፤ ባዶ አፍ ይዞ መቅረብ ነው የሚያሳፍረው" ይለን ነበር።

ልብ በሉ! ዓመት ጠብቆ አንድ ትልቅ ሥራ ማምጣት አይደለም። በየቀኑ ትንሽ፣ ያልበሰለም ቢሆን፣ ለመምህር ማሰማት ነው። እኔ ስማር የነበሩኝ አማካሪዎች "ቻፕተሩን ስትጨርሺ ላኪልኝ" የሚሉ ነበሩ። ለብዙ ተማሪ ይህ የመጥፊያ ፈቃድ ነው። ቻፕተሩ አላለቀም፣ ስለዚህ አይልክም። ስላልላከ ያፍራል። ስላፈረ ኢሜይል አይከፍትም። አሁን ተማሪዎቼን በ15 ቀን አንድ ገጽ ነው የምጠይቃቸው። አንድ ገጽ! ረቂቅ ይሁን፣ ግማሽ ሐሳብ ይሁን። አንብቡልኝ እላቸዋለሁ። ድምፃቸውን አውጥተው ያነባሉ፤ እኔ አዳምጣለሁ።

ሁሉም ዝምታ ደግሞ የባህል አይደለም። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. አገር ቤት ኢንተርኔት ተቋረጠ። ሦስት ሳምንት ገደማ ቆየ። በእኛ ፕሮግራም ተመዝግባ ከአዲስ አበባ የምትማር ልጅ ነበረችኝ። ሲስተሙ በየሳምንቱ "አልተሳተፈችም" እያለ ማስጠንቀቂያ ይልክላታል። የሚልከው ደግሞ በኢሜይል ነው። ኢሜይል በሌለበት! ሲከፈትላት ያን ሁሉ በአንድ ጊዜ ነው ያነበበችው። ትምህርቱን አጠፋሁ ብላ ልታቋርጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ የእያንዳንዱን ተማሪ ስልክ፣ የአንድ ቅርብ ሰውም ስልክ እይዛለሁ። ኢሜይል ሲጠፋ መደወል ነው።

ስለ ቀንም አንድ ነገር ልበል፣ አጭር ነው። እዚህ ሥራ የሚረከበው እሑድ እኩለ ሌሊት ነው። ቅዳሜና እሑድ ጽፈህ ታስገባለህ ማለት ነው። ሪያድ ግን የዕረፍት ቀኑ ዓርብና ቅዳሜ ነው። የሪያዱ ልጅ እሑድ የሳምንቱ የመጀመሪያ የሥራ ቀኑ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሥራ እየመጣ ሲያስገባ ኖሯል። የማስረከቢያውን ቀን በአንዲት ቀን ቀየርኩለት። እዚህ ማንም የተጎዳ የለም።

ሁለተኛው፣ ኮሜንት።

አንድ አረፍተ ነገር አለ። እዚህ አገር ያስተማርን ሁላችን እንጽፈዋለን። ወደ አማርኛ ስመልሰው "ይህን ክፍል እንደገና ብታስቢበት ጥሩ ሳይሆን አይቀርም" እንደማለት ነው። እኔ ይህን አረፍተ ነገር በአንድ ሳምንት ለሁለት ተማሪዎች ጻፍኩ። የአክራዋ ርእሰ መምህርት ምንም ሳትቀይር መልሳ ላከችልኝ። ተናደድኩ፤ እውነቱን ልናገር። እንዴት ትንቀኛለች ብዬ ነው። ስንገናኝ በሙሉ ጨዋነት እንዲህ አለችኝ። "ብታስቢበት አልሽኝ። አሰብኩበት። እንዳለ ቢሆን ይሻላል አልኩ።" ፍጹም ልክ ናት! የጻፍኩት እኮ ያንን ነው።

ሁለተኛዋ አገር ቤት ሆና የምትማር መምህርት ናት። እሷ ደግሞ ጠፋች። አራት ወር። በመጨረሻ አንድ ፋይል ላከች። ሁለተኛውን ምዕራፍ በሙሉ ጥላ ከዜሮ ጽፋዋለች። 43 ገጽ። አንድ አንቀጽ ነበር እንድታስተካክል የፈለግኩት። አንድ አንቀጽ! "ፕሮፌሰር፣ እንደገና አስቢበት ሲሉኝ ሥራዬ እንዳልረባ ገባኝ፤ በጨዋነት ነው የነገሩኝ ብዬ" አለችኝ። ሁለት ልጆች አሏት። ሌሊት ሌሊት ነው የጻፈችው።

እኛ የሰምና ወርቅ ሰዎች ነን። የፈረንጅ አማካሪም ሰምና ወርቅ እንዳለው ግን ማንም አልነገረንም። ሰሙ "ብታስቢበት" ነው፤ ወርቁ አንዳንድ ጊዜ "ቀይሪው" ነው፣ አንዳንድ ጊዜ "ደስ እንዳለሽ" ነው። እዚህ ያደገው ልጅ ወርቁን ከድምፁ፣ ከልምዱ ያወጣዋል። ከሩቅ ሆኖ በሁለተኛ፣ በሦስተኛ ቋንቋው የሚያነበው ሰው በምን ያውጣው?

አሁን ከእያንዳንዱ ኮሜንት ፊት አንድ ቃል እጽፋለሁ። "ግዴታ" ካልኩ ሳይስተካከል አያልፍም። "ምክር" ካልኩ ብትቀበለውም ባትቀበለውም የአንተ ነው። "ጥያቄ" ካልኩ እኔ ራሴ ስላልገባኝ ነው የምጠይቀው። ከዚያ በቴሌግራም አምስት ደቂቃ በድምፄ እናገራለሁ። ቀይ ቀለም ድምፅ የለውም። ያው ኮሜንት በድምፅ ሲሰማ ይለሰልሳል። "ይቺ ሦስተኛዋ ገጽ ላይ ያለችው ምሳሌ ጥሩ ናት፣ እሷን ይዘሽ ሂጂ" ስትሏት ሰው ትሆናላችሁ። በጎውን ስትናገሩ ደግሞ ቦታውን ጠቅሳችሁ ተናገሩ። "ጎበዝ" ብቻ ከሆነ ለማባበል ይመስላል።

የዚህችው መምህርት ነገር አላለቀም። ጥናቷ በጎልማሶች ትምህርት ላይ ነው። ገጠር ወርዳ ፊደል የቆጠሩ ገበሬዎችን ማነጋገር አለባት። እዚህ ደግሞ አይ.አር.ቢ የሚባለው የጥናት ሥነ ምግባር ቦርድ አለ፤ ታውቁታላችሁ። የስምምነት ቅጽ አምጪ፣ ይፈርሙ አላት። ገበሬው ቅጹን ሲያይ ፊቱ ይለወጣል። በኛ አገር ፊርማ ምን ማለት ነው? ፊርማ መሬት ነው። ፊርማ ግብር ነው። ፊርማ ዋስትና ነው። "ልጄ፣ የጠየቅሽኝን ሁሉ እነግርሻለሁ፤ ፈርም ግን አትበይኝ" ይላታል። ሁለት ወር ቆማ ቀረች። ለእኔ አልነገረችም። ርእሷን ልትቀይር እየተዘጋጀች ነበር። የነገረችኝ ያልተሳካውን አንድ ነገር ንገሪኝ ስላልኳት ብቻ ነው።

ደንቡ እኮ መልስ አለው! በ2019 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለው የተሻሻለው የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ በግልጽ ይላል። መፈረም ባልተለመደበት ማኅበረሰብ ውስጥ፣ ጥናቱ የሚያደርሰው ጉዳት አነስተኛ ከሆነ፣ ፈቃዱ በሌላ ተገቢ መንገድ ተመዝግቦ ፊርማው ሊቀር ይችላል። አንድ ገጽ ማመልከቻ ጻፍን። የቃል ፈቃድ ተፈቀደላት። እሷ ይህን ከየት ታውቃለች? ተማሪ ደንብን የሚያየው እንደ ግንብ ነው። የግንቡ በር የት እንዳለ የሚያውቀው አማካሪው ነው። ከዚህ በላይ የአማካሪ ሥራ ምን አለ?

ሦስተኛው፣ ዕድሜ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

እኔ 44 ዓመቴ ነው። አገር ቤት አንድ የ58 ዓመት ተማሪ ነበሩኝ። ከ30 ዓመት በላይ አስተምረዋል፤ ርእሰ መምህርም ነበሩ። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ በዙም ስንገናኝ የእኔ ፊት ስክሪኑ ላይ ሲመጣ ብድግ አሉ። ካሜራው የኮታቸውን ቁልፍ ብቻ አሳየኝ። እኔም ብድግ አልኩ። ምን ላድርግ? አባቴን የሚያህሉ ባይሆኑም ታላቄ ናቸው። ሁለታችንም ቆመን፣ እሳቸው የእኔን ቀሚስ፣ እኔ የእሳቸውን ኮት እያየን ሰላምታ ተለዋወጥን።

ከዚያ ቋንቋ አስቸገረን። እሳቸው አንቺ ሊሉኝ አይችሉም፤ አስተማሪያቸው ነኝ። እኔ አንተ ልላቸው አልችልም፤ ታላቄ ናቸው። እርስዎና እርስዎ ስንባባል ደግሞ ሥራው ሁሉ ደብዳቤ መሰለ። ስለዚህ ሳንነጋገርበት ወደ እንግሊዝኛ ሸሸን። እንግሊዝኛ አንተም አንቱም የለውም፤ ሁሉንም እኩል ይጠራል። ተመቸን። ግን ያ መመቻቸት ስምንት ወር አስከፈለን።

ጥናታቸው ከገጠር ወደ ከተማ መጥተው፣ ቤት ተከራይተው ሁለተኛ ደረጃ በሚማሩ ልጆች ላይ ነው። የሚልኩልኝ ጽሑፍ በሙሉ የቲዎሪ ስም ነው። ማን ምን አለ፣ ማን ምን አለ። ልጆቹ የሉበትም። እኔ ኮሜንት እጽፋለሁ፣ እሳቸው ሌላ ቲዎሪ ይጨምራሉ። አንድ ቀን ሁለታችንም ደክመን ነበር። "ጋሼ፣ እስቲ በአማርኛ ይንገሩኝ። እነዚህ ልጆች ለምንድነው ትምህርት የሚያቋርጡት?" አልኳቸው።

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ እንዲህ አሉ። "ልጅቷ ዓርብ ከሰዓት ትጠፋለች። ሰኞ ጠዋት ትዘገያለች። እኛ ቀሪ እንጽፍባታለን። ለምን እንደጠፋች አንጠይቃትም። ከቤቷ ያመጣችው እንጀራ ሐሙስ ማታ ያልቃል። ዓርብ ስንቅ ልታመጣ ነው የሄደችው። ሦስት ሰዓት በእግሯ ሄዳ፣ ሰኞ ሌሊት ተሸክማ ትመለሳለች። ቀሪዋ ሲበዛ እናባርራታለን። እኔ ራሴ አባርሬያለሁ።"

ድምፃቸው ተለወጠ። እኔም የምለው ጠፋኝ። ይሄ እኮ ነው ዲሰርቴሽኑ! ስምንት ወር የፈለግነው ይሄ ነው! ሰውየው አጥተውት አይደለም። ተሸክመውት ነበር። የተሸከሙትን የሚያወርዱበት ቋንቋ ነበር ያጡት። ከዚያ ቀን ጀምሮ መጀመሪያ በአማርኛ ይናገራሉ፤ ስልካቸው ላይ ይቀዳሉ፤ ወረቀት ላይ ያወርዱታል፤ እንግሊዝኛው የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ኮሜንቴን ደግሞ አትመው፣ በእጃቸው መልስ ጽፈው፣ ገጹን ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ይልኩልኛል። በኮምፒውተር ይመልሱ ብዬ አላስጨነቅኳቸውም። የእጅ ጽሑፋቸው ከመጽሐፍ ያምራል።

አባቴ የነገረኝ ሌላ ነገር ነበር። ቅኔ ቤት የ40 ዓመት ሰውና የ15 ዓመት ልጅ አንድ ጉባኤ ይቀመጣሉ። ልጁ ከቀደመ ትልቁን ያስተምራል። ትልቁም ከልጁ መማር አያሳፍረውም። ሲነሱ ግን ልጁ ለትልቁ ውኃ ይቀዳል። ሁለቱም አብሮ ይሄድ ነበር። እኔም ለእሳቸው ይህን ነገርኳቸው። "በዲሰርቴሽኑ እኔ እመራለሁ፤ በቀረው እርስዎ ታላቄ ነዎት" አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ጋሼ እላቸዋለሁ፤ እሳቸውም ፕሮፌሰር ይሉኛል። ማንም አልተዋረደም።

ወጣቶቹስ? የቨርጂኒያው ልጅ ከመጀመሪያው ቀን በስሜ ነው የጠራኝ። መጀመሪያ ከብዶኝ ነበር፤ አገሩ ነው ብዬ ለመድኩት። ፊት ለፊት መናገሩን ወደድኩለት። ባለፈው ዓመት ግን አንድ ነገር ነገረኝ። ኮሜንቴን ለቻትጂፒቲ እየሰጠ "ምን ማለቷ ነው?" ብሎ ይጠይቃል። ለምን እኔን አትጠይቀኝም አልኩት። "አንድ ነገር ሁለቴ ስጠይቅ ሰነፍ እንዳልመስልሽ" አለኝ። ይሉኝታ የኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። እሱም ጋ አለ። ሌላ ልብስ ለብሶ ነው ያለው። በስሜ ስለጠራኝ ቀርቦኛል ማለት እንዳልሆነ ያን ቀን ገባኝ። አሁን ለእሱም እንደሌሎቹ ነው፦ ያልተሳካልህን አንድ ነገር ንገረኝ።

እሺ። ሰዓቴ እየደረሰ ነው፤ ወደ ልመናዬ ልምጣ።

ዛሬ አገር ቤት ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አለ። በልጅነቴ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በየቦታው መምህራኑ ዶክትሬት መማር ይፈልጋሉ። እዚያው የሚማሩ አሉ። የደቡብ አፍሪካው ዩኒቨርሲቲ ዩኒሳ አቃቂ ማዕከል አለው፤ በርቀት ከዚያ የሚማሩ አሉ። ልምድ ያለው አማካሪ ግን በቂ አይደለም። አንዱ አማካሪ ከአቅሙ በላይ ተማሪ ይይዛል። ተማሪው ተራውን ይጠብቃል። ዝም ብሎ ይጠብቃል።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለነው ስንት ነን? ከናንተ ውስጥ 20 ሰው አንድ አንድ ተማሪ ቢወስድ 20 ሰው ነው። ገንዘብ አልጠይቃችሁም። በ15 ቀን አንድ ሰዓት ነው። አንድ ገጽ ማዳመጥ ነው። ሙያችሁ ከተማሪው ጋር በትክክል ባይገጥም አትጨነቁ፤ በሙያው የሚያግዘው ዋና አማካሪ እዚያ አለው። እናንተ የምትሆኑለት ደውሎ ያልተሳካውን የሚነግረው ሰው ነው።

የ58 ዓመቱ ተማሪዬ ባለፈው ዓመት ጥናታቸውን በፈታኞች ፊት አቅርበው ዲፌንሳቸውን አለፉ። ከወር በኋላ በቴሌግራም አጭር የድምፅ መልእክት ላኩልኝ። ስልኬ ላይ አለች። "ፕሮፌሰር፣ ትምህርት ቤታችን ዓርብ ከሰዓት ለስንቅ ለሚሄዱ ልጆች ፈቃድ መስጠት ጀመረ። ቀሪ አይጻፍባቸውም" ይላሉ።

በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት አስቀምጫለሁ። ስማችሁን፣ የሙያ ዘርፋችሁን፣ የሚመቻችሁን ቀን ጻፉበት። ሰዓቱን በሁለቱም አገር አቆጣጠር ጻፉልኝ፤ የክረምቱንም የበጋውንም። ቡናው ተፈልቷል። ጥያቄ ያላችሁ፣ ያልተስማማችሁም፣ እዚያው እንነጋገር። እኔ የትም አልሄድም።

አመሰግናለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።